መጋዘን ከማሠራትዎ በፊት ዶማዎን ይቁጠሩ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ለገጣፎ ነው። ግቢዬ 200 ካሬ ነው። ዋናው ቤት አለ፤ ከኋላ ሁለት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ አለ። አንዱ ወጥ ቤት ነው፣ በሌላው ሠራተኛዬ ትኖራለች። ከ3 ዓመት በፊት ከመምህርነት ጡረታ ስወጣ ጓሮዬን መኮትኮት ጀመርኩ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ጽጌረዳ አለኝ። ችግሬ ዕቃው ነው። ሁለት ዶማ፣ ሦስት አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ የእጅ ጋሪ፣ የሣር ማጨጃ ማሽን፣ 40 ሜትር ጎማ፣ ግማሽ ጆንያ ዩሪያ፣ ባዶ ጀሪካንና የችግኝ ላስቲክ በረንዳውን ሞልቶታል። በላስቲክ ጠቅልዬ ባስቀምጠውም ይዝጋል። ‹የቻይና ብረት ስለሆነ ነው› ይሉኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ዶማና መቀስ ተሰረቀብኝ። አሮጌ ኮንቴይነር ልግዛ ወይስ ጓሮ ጥግ የቆርቆሮ ቤት ላሠራ? ልጆቼ ደግሞ ‹የአንድ ሰሞን ነገር ነው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ› ይሉኛል። እውነት ያዋጣል?»

ኮንቴይነሩን ይተዉት። የቆርቆሮ ቤቱንም ይተዉት። ለእርስዎ ግቢ የሚበቃው ሰርቪሱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ቁም ሳጥን ነው። ግን እሱም የሚሠራው ዕቃው ከተቀነሰ በኋላ ነው።

ከልጆችዎ ልጀምር። የአንድ ሰሞን ነገር ቢሆን ኖሮ 3 ክረምት አይሻገርም ነበር። እኔ እንዳየሁት ጓሮውን የሚተው ሰው በአብዛኛው የሚተወው በመጀመሪያው ክረምት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» የሚል ሰው ደግሞ የለም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ይጀምራል። ዶማው ግድግዳ ተደግፎ «ነገ አነሳዋለሁ» ይባላል። ሐምሌና ነሐሴ ወደ ጓሮ ብቅ የሚል የለም። መስከረም ጠብቶ ሲወጣ አረሙ ጉልበት ደርሷል። ዶማው እጀታው ላይ ይወላገዳል። መቀሱ ተጣብቆ አልከፈት ይላል። አንዴ የቀን ሠራተኛ ይጠራል፤ ሌላም ጊዜ ይጠራል። በሦስተኛው «ለምን ታይል አናስነጥፈውም?» ይመጣል። ይህን ንግግር ስንት ግቢ ውስጥ ቆሜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩትም። ስለዚህ ዕቃውን የት ላስቀምጥ የሚለው ጥያቄ፣ በሚመጣው መስከረም ጓሮ እወጣለሁ ወይ ከሚለው ጋር አንድ ነው።

እኔ የዕቃ ማስቀመጫን የምለካው በእርምጃ ነው። ከወጥ ቤቱ በር እስከ መኮትኮቻው ከ20 እርምጃ ካለፈ ሰው ይሰንፋል። መኮትኮቻውን ለማውጣት መጀመሪያ የእጅ ጋሪውን መሳብ፣ ከዚያ ጎማውን ማንሳት፣ ከዚያ ቁልፉን መፈለግ ካለ አረሙ ለነገ ይተላለፋል። ጓሮ የሚቆየው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በመልፋት አይደለም። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ 15 ደቂቃ ጎንበስ በማለት ነው። ከዚያች 15 ደቂቃ ላይ ዕቃ ፍለጋው አሥሩን ከወሰደ ምን ቀረ? ኮንቴይነሩም ሆነ የጓሮ ጥጉ ቤት መጀመሪያ የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው።

አሁን ዕቃውን እንቁጠረው። ሦስት አካፋ ሦስት ሰው ይፈልጋል። እርስዎ አንድ ነዎት። ከሁለቱ ዶማ ደግሞ እጅዎ የሚለምደው አንዱን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳልነግርዎ ያውቁታል። ለእርስዎ ጓሮ አንድ ዶማ፣ አንድ አካፋ፣ አንድ መኮትኮቻ፣ አንድ መግረዣ መቀስ፣ አንድ ማጭድ፣ አንድ ውሃ ማጠጫና ጎማው ይበቃሉ። አንድ ነገር ጨምሩ ካሉኝ የአትክልት ሹካ እጨምራለሁ። እርጥብ ጥቁር አፈር አካፋ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ሹካ ግን ያልፈዋል። የተረፈውን አካፋ ለሰፈሩ ዕድር ይስጡት፤ እዚያ ሥራ አያጣም።

የሣር ማጨጃ ማሽኑን ይሽጡት። 200 ካሬ ግቢ ላይ ቤቱ፣ ሰርቪሱና የመኪናው ቦታ ተቀንሶ፣ ከተረፈው ላይ መደቦቹ ተቀንሰው ሣሩ ስንት ካሬ ቀረ? 15? 20? ያንን ማጭድ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ጉልበትዎ ካልፈቀደ በወር አንዴ የሚመጣ አትክልተኛ የራሱን ማሽን ይዞ ይመጣል። ማሽኑ ካለ ቤንዚን አለ። ቤንዚን ደግሞ ከሰል ከሚቀጣጠልበት ወጥ ቤት አጠገብ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በረንዳው ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ወደ ዝገቱ እንምጣ። «የቻይና ብረት ስለሆነ ነው» የሚለውን አይቀበሉ። ርካሽ ብረት ቶሎ ይደንዛል፣ ቶሎ ይጎብጣል፤ ያ እውነት ነው። መዛግ ግን ማንኛውም የዶማ ብረት ይዝጋል። ዝገት የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ውሃና አየር። ጭቃ ያለበትን ዶማ በላስቲክ ሲጠቀልሉት ውሃውን ነው የጠቀለሉት። ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ይይዛል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሞቃል፤ ሲመሽ ተመልሶ ብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት ላስቲኩን ገልጠው ቢያዩት ውስጡ እንደ ምድጃ ላይ ክዳን ረጥቦ ያገኙታል። ላስቲኩን ዛሬውኑ ያንሱት። ባዶውን ጥላ ሥር የተንጠለጠለ ዶማ ከተጠቀለለው ያነሰ ይዝጋል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ያ ግማሽ ጆንያ ዩሪያ ነው። ማዳበሪያ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አፉ ተከፍቶ የከረመ ጆንያ ሲዳስሱት የሚረጥበው ለዚህ ነው። የረጠበ ማዳበሪያ የነካው ብረት በፍጥነት ይበላል። የዶሮ ኩስም እንዲሁ ነው። ማዳበሪያውን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ባልዲ ውስጥ ገልብጠው ከብረቱ ያርቁት። የተሻለው ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈልጉትን ያህል በኪሎ መግዛት ነው። ለጥቂት መደብ ጎመንና ካሮት ግማሽ ጆንያ ብዙ ዓመት ነው።

ዕቃ ማጽዳት የሚባለውን ሰው ያካብደዋል። ከሥራ በኋላ ጭቃውን ሳይደርቅ በእንጨት ስባሪ ይፋቁት፣ በጨርቅ ይጥረጉት፣ ይስቀሉት። አንድ ደቂቃ ነው። ውሃ ካፈሰሱበት ግን ማድረቅ አለብዎት፤ አለዚያ ባይነኩት ይሻል ነበር። በሁለት ወር አንዴ ብረቱን ዘይት በነካ ጨርቅ ማሸት ይበቃል። የምግብ ዘይት፣ በተለይ የኑግ ዘይት አይጠቀሙ፤ ሲቆይ ይወፍርና ሙጫ ይሆናል፣ መቀሱን ይቆልፈዋል። ጋራዥ የሚሰጥዎትን የተቃጠለ ዘይትም እምቢ ይበሉ። ቆሻሻው ከዶማው ወደ ካሮት መደብዎ ይሄዳል። ትንሽ ጣሳ አዲስ የሞተር ዘይት ይግዙ፤ ዓመታት ይቆያል። ለእንጨት እጀታ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግተው ውጭ ያድርቁት፣ ከዚያ ይጣሉት።

የሚወላገደውን ዶማ ውሃ ውስጥ የሚነክሩ ከሆነ ያቁሙ። ይህ ከአባት የወረስነው ዘዴ ነው፤ እኔም ስሠራው ኖሬያለሁ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ለዚያ ቀን ይጠብቃል። በበጋ አየር ሲደርቅ ግን ከበፊቱ የባሰ ይኮማተራል፤ ምክንያቱም ሲያብጥ የብረቱ ቀለበት ጭኖ ጨፍልቆታል። መፍትሔው ሽብልቅ ነው። ከደረቅ ወይራ የተጠረበች አንዲት ቀጭን ሽብልቅ ከላይ በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያስገቡ። ጨረሱ።

አሁን ስለ መሬትዎ። ከለገጣፎ ወደ ለገዳዲና ሰንዳፋ ያለው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። የእርስዎም መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። በጥር መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል? በሐምሌ ጫማዎን ይዞ ያስቀርብዎታል? እንግዲያው መረሬ ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ላዩ ላይ ያለውን ነገር በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ለጓሮ ጥግ ቤት የሚፈሰው ስስ ሊሾ በሁለተኛው ዓመት ይሰነጠቃል። በሩ በክረምት አልዘጋ፣ በበጋ አልከፈት ይላል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የባህር ዛፍ ቋሚ ደግሞ መጀመሪያ የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። በደንብ ልሥራው ካሉ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት፣ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ ቤቱን ማቆም ነው። ለስምንት ዕቃ ይህን ሁሉ? ቡራዩ አካባቢ ቀይ አፈር ላይ ያለ ሰው ይህን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል። እርስዎ አይችሉም።

ኮንቴይነርም ሰው እንደሚያስበው ቀላል መፍትሔ አይደለም። ትንሹ፣ ባለ 20 ጫማው፣ 6 ሜትር በ2.40 ነው። 15 ካሬ ገደማ መሬት ይወስዳል። ከሁሉ የተረፈው ጓሮዎ 40 ወይም 50 ካሬ ቢሆን ሲሶውን ለዕቃ ማስቀመጫ ሰጡት ማለት ነው። እንግዲህ ዕቃው የሚሠራበት መሬት የት አለ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼ ነው። ባዶው ብቻ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ክሬን ያስፈልገዋል፤ ክሬኑ በእናንተ መንገድ ይገባል ወይ፣ የመብራት ሽቦውስ? ገብቶ ከተቀመጠ በኋላም ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጣሪያው ከውስጥ ያልበዋል። ነጋዴ ለሱቅ ይጠቀምበት።

ላብ ያልኩት ነገር ቁም ሳጥኑንም ስለሚመለከት ትንሽ ልቆይበት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮ በጣም ይቀዘቅዛል። ውስጡ የታፈነው አየር እርጥበቱን ቆርቆሮው ላይ ይጥላል። የመጀመሪያውን የዕቃ ሳጥኔን ሰበታ ላይ ሳሠራ ጠቢብ ነኝ ብዬ ዙሪያውን በሲሊከን አስደፈንኩት። ጠብ የሚል ዝናብ አልገባም። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ስከፍተው የክዳኑ ውስጠኛ ፊት እንደ ጠላ ጋን ጠብታ ተሰድሮበታል። ሁለት መቀስና አንድ ጥሩ መጋዝ በላብኝ። ዝናቡ አይደለም የጎዳኝ፤ መድፈኔ ነው። ብረት ከዝናብ መከለል እንጂ ከአየር መታፈን አይፈልግም። ጎተራን አስቡት። ከላይ ክዳን አለው፣ ከሥር ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ አየር በሥሩ ያልፋል። የእርስዎ ሳጥን እንደ ጎተራ ይሁን።

ስለዚህ እንዲህ ያሠሩት። ወርዱ 1.80 ሜትር፣ ቁመቱ 1.80፣ ጥልቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር። አጽሙ ቱቦላሬ፣ ልባሱ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ። ሻጩ 35 ሊሰጥዎት ይችላል፤ የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 35 በእጅ ይታጠፋል። ባለ ሁለት ተከፋች በር። ከላይና ከታች ከበሩ ጋር አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ይተው፤ አይጥ እንዳይገባ ክፍተቱ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። አናቱ ወደ ፊት ያዘንብል። ብየዳው ሲያልቅ ከውስጥም ከውጭም አንቲረስት ይቀባ። ብየዳ ቤቶች ውስጡን መቀባት ይዘነጋሉ፤ ቆመው ያስቀቡ። የላይኛው ቀለም ነጣ ያለ ይሁን፣ ፀሐይ እንዳይሰበስብ።

የት ግድግዳ ላይ? ይህን ቤትዎ ራሱ ይነግርዎታል። በክረምት ዝናቡ የሚመታው ፊት ቀለሙ የተላጠው ነው። ከእሱ በተቃራኒ ያለውን ይምረጡ። ከግርጌ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት መትቶ ጭቃ የረጨበት መስመር አለ። ግድግዳው ላይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። የሳጥኑ ወለል ከዚያ መስመር በላይ ይሁን። እግር አይሥሩለት። እግር ካለው በክረምት ያበጠው አፈር ከሥር ይገፋዋል፣ ከላይ ግድግዳው ይይዘዋል፣ ሳጥኑ ይጣመማል። ሙሉ በሙሉ ይሰቀል። ከነዕቃው አንድ ኩንታል ቢሆን ነው፤ ግድግዳው ይችለዋል። ግን ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ተራ ፊሸርና ብሎን ክፍተቱ ላይ ከገባ ይነቀላል። ሠራተኛው ኮለኑንና ቢሙን፣ ማለትም የኮንክሪቱን ቋሚና አግዳሚ፣ ፈልጎ እዚያ ላይ ይሰር። «ችግር የለውም፣ ይይዛል» ቢልዎት ችግር አለው ይበሉት። ቆጣሪው ያለበትን ግድግዳ አይሸፍኑ። የጎረቤት የጋራ አጥር ላይም አይስቀሉ፤ አጥር ቀጭን ነው፣ በዚህ አፈር ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ክርክርም ያመጣል።

ውስጡ መደርደሪያ አይብዛበት። መደርደሪያ ያለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ጣሳ ይከማቻል። ረጃጅሙ ዕቃ ሁሉ ከመንጠቆ ላይ ይንጠልጠል፣ ብረቱ ወደ ላይ። ለመቀሱና ለጓንቱ አንዲት ጠባብ መደርደሪያ ትበቃለች። ከአንዱ በር ጀርባ የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽ በቀለም ይሳሉ፤ ማታ ሲዘጉ የጎደለው በአንድ እይታ ይታያል። ሌላኛውን በር ከውስጥ በጥቁር ቀለም ያስቀቡት። መምህር ነዎት፤ ጠመኔ አይጠፋዎትም። ነጭ ሽንኩርቱ መቼ ተተከለ፣ ካሮቱ መቼ ተዘራ፣ ውርጩ የትኛው ሌሊት ወረደ፣ እዚያ ይጻፉት። በሁለተኛው ዓመት ያ በር ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ የእርስዎን ጓሮ ያውቃል።

ሳጥኑ ውስጥ የማይገቡ ነገሮች አሉ። ዘር አይገባም፤ ሙቀቱ ይገድለዋል። በደንብ የደረቀ ዘር በጠርሙስ ተከድኖ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ጎማው አይገባም፣ ቦታ ይበላል። የድሮ መኪና ቸርኬ ከግድግዳው ጥላ በኩል ያሰሩና ውሃውን አፍስሰው ይጠምጥሙበት። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ፀሐዩ ላስቲክ ይሰነጥቃል፤ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ደግሞ የታጠፈበት ቦታ ይቀደዳል። የእጅ ጋሪው ቀጥ ብሎ ግድግዳ ይደገፍ፣ ውሃ እንዳይጠራቀምበት። ጀሪካኑንና የችግኝ ላስቲኩን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት፤ አይጠቀሙበትም። ሁለት ጀሪካን አስቀርተው ሌላውን ለቆራሌው ይስጡ።

የፀረ ተባይ መድኃኒት አልጠቀሱም። ካለዎት ግን ይህን ያንብቡ። ሳጥኑ ውስጥም፣ ወጥ ቤት ውስጥም፣ ሠራተኛዋ በምትተኛበት ክፍልም አይቀመጥም። የሚቀመጠው በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ ተቆልፎ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ የተቀመጠ መድኃኒት ውሃ ይመስላል፤ የልጅ ልጅ ደግሞ ለበዓል ይመጣል። ባዶ ዕቃውን አጥበው ለምንም ነገር አይጠቀሙበት፤ ብስተው ይጣሉት። እኔ ለእርስዎ መጠን ያለው ጓሮ ባይገዙ እመርጣለሁ። ጎመን ላይ ላለ ክሽክሽ ቀለል ያለ የሳሙና ውሃና ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

ስለ ስርቆቱ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። ጓጉንቸር መንገደኛን ይከለክላል፤ አስቦ የመጣን አይከለክልም። ዶማ የሚሰረቀው ለብረቱ ዋጋ ነው፤ ከእጀታው ወልቆ በኪሎ ይሸጣል። ስለዚህ ዋናው ነገር ከውጭ አለመታየቱ ነው። በር ሲከፈት በረንዳ ላይ የተደረደረ ዕቃ ለሚያልፍ ሁሉ ማስታወቂያ ነው። እጀታዎቹን ሁሉ አንድ ደማቅ ቀለም ይቀቡ፤ ብርቱካናማ ጥሩ ነው። ሌባ ምልክት ያለበትን አይወድም፤ እርስዎም ሣር ውስጥ የጠፋ መኮትኮቻ ፍለጋ አይንከራተቱም። ቁልፉ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ይንጠልጠል። ቦርሳ ውስጥ ከገባ 20 እርምጃዋ 100 ትሆናለች።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሳጥን ዕቃ ነው። ሰው የሚገባበት ክፍል ግን ቆርቆሮም ቢሆን እንደ ግንባታ ሊቆጠር ይችላል። ምክሬን ትተው ቤቱን ካሠሩ መጀመሪያ አካባቢዎ ያለውን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ተሠርቶ ከፈረሰ ገንዘቡም ልብም ይሰበራል።

ይህ ምክር ለሁሉም አይሠራም። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ የተሰቀለ ነገር አይችልም። ያ ሰው ያንኑ ሳጥን በአራት ብሎኬት ላይ ያቁመው፣ ከግድግዳው ጋር አያያይዘው፣ በየበጋው በውሃ ልክ አይቶ ያስተካክለው። ተከራይ የሆነም እንዲሁ ያድርግ፤ ሲለቅ ጭኖት ይሄዳል።

አሁን ስለ ክረምቱ። ሰው በሐምሌ ጓሮው ሲያምጽበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። የሰንዳፋ ገበሬ ጥቁር አፈሩ ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። መሬቱን ስለሚያውቀው አይጣላውም። እርስዎም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከመደቡ ጋር አይታገሉ። የሰኔ ሚካኤል ሰሞን ዶማውን፣ አካፋውንና ሹካውን ፍቀው፣ ዘይት አሽተው ሰቅለው ይዝጉ። ለክረምት ሁለት ዕቃ ብቻ ይውጣ፤ ማጭዱና መኮትኮቻው። ዝናቡ ፋታ በሰጠ ጠዋት አረሙ ዘር ሳይጥል ማጨድ ብቻ ነው ሥራዎ። የመደቡን ዙሪያ ቦይ ከግንቦት በፊት ከፍተው ከሆነ ውሃው ራሱ መንገዱን ያገኛል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሲከፍቱት ዶማው እንደተሰቀለ ይጠብቅዎታል፤ በማግሥቱ ካሮት ይዘራሉ። ቲማቲም ከወደዱ ግን የኅዳርን ውርጭ ያስቡ፤ በእናንተ በኩል በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል።

በነገራችን ላይ፣ ዝገት ያለበት ነገር ከወጋዎት ዝገቱን አይፍሩ። ቲታነስ የሚያመጣው ተሕዋስ የሚኖረው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው፤ አዲስ ዶማም ቢወጋዎት ያው ነው። ጥልቅ ከሆነ በደንብ አጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

በዚህ ሳምንት ብየዳ ቤት አይሂዱ። መጀመሪያ በረንዳውን ባዶ ያድርጉት። ማሽኑንና ትርፍ አካፋዎቹን ያሰናብቱ። ከዚያ ሳጥኑ ይሰቀልበታል ባሉት ግድግዳ ላይ አንድ ጣውላ አስመትተው፣ ሚስማር ደርድረው ሁሉንም እዚያ ይስቀሉት። ለአንድ ወር እንደዚያ ይሥሩ። ማታ ማታ የሚሰረቅ የሚመስልዎትን ወደ ውስጥ ያስገቡ። በወሩ ውስጥ እጅዎ ያልነካው ዕቃ ሳጥን አያስፈልገውም። መንገዱ የሚረዝምብዎት ከሆነም ግድግዳው ልክ አይደለም፤ ጣውላውን ማንሳት ደግሞ ሳጥን ከማንሳት ይቀላል። የብየዳ ቤቱን ሰውዬ ሜትር ይዞ እንዲመጣ የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ግን እስከ ግንቦት መጨረሻ ይለቅ።